ሰዓት አክባሪው የመሬት መንቀጥቀጥ

የተማረ ሰው ትልቁ ችግሩ... መማሩ ነው! አትቆጡ። ይህን የምላችሁ እኔ በላቸው ነኝ፤ አራተኛ ክፍልን በወጉ ሳልጨርስ መሐንዲስ ሳልጠራ ሽሮ ሜዳ ላይ ቤት የሠራሁ፣ ራዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው። (የተረፉት ብሎኖች ዛሬም በጣሳ አሉ። ራዲዮው አልፈለጋቸውም።)

ባለፈው ወር መክሊት የምትባል ወጣት በሬን አንኳኳች። የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ሠልጣኝ ናት። የጓሮዬ ስቶር ከታክሲው መንገድ የራቀ፣ ወለሉም አለት ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ ንዝረት የሚመዘግብ መሣሪያ እንዳስቀምጥላት ለመነችኝ።

"አባባ፣ ለፈተናዬ የሰባት ቀን ንጹሕ መዝገብ ካላቀረብኩ ሥልጠናውን እደግማለሁ። እባክዎ ማንም እንዳይገባ።"

"እኔ እያለሁ? ዝንብ አትገባም! ለመሆኑ መሬቱ የሚነቃነቅበትን ሰዓት ይነግረናል?"

"አይ፣ ቀንና ሰዓት ለይቶ መተንበይ የቻለ የለም። እኛ የምንማረው የትኛው ሰፈር ምን ያህል ሊናወጥ፣ የትኛው ቤት ሊጎዳ እንደሚችል መገመት ነው።"

አያችሁልኝ? ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ "አይቻልም"!

በማግስቱ በረንዳዬ ላይ ኮምፒውተሯን ከመሣሪያው ገመድ ጋር አገናኝታ ስትከፍት፣ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለው መስመር ላይ ሦስት ተራሮች በቅለዋል። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት ዘጠኝ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው!

"ነገም ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል" አልኳት።

መጣ! በማግስቱም መጣ። ልጅቷ ፊቷ ዐመድ መሰለ። እኔማ... ጋቢዬን እንደ ካባ ደርቤ በሰፈሩ መንጎራደድ ጀመርኩ።

ጎረቤቴ ባለሱቁ ሐጂ ከድር፣ አንድ ጊዜ የምር መሬት ሲነቃነቅ ዘይቱ ከመደርደሪያ ወርዶ ስለፈሰሰበት፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖበታል። ጠዋት ጠዋት እየመጣ፣

"በላቸው፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት ነው?" ይለኛል።

"ሦስትና ዘጠኝ።"

"አላህ ይስጥህ!" ብሎ ጠርሙሶቹን መሬት ሊያወርድ ይሮጣል።

ባለቤቴ አስካለ ብቻ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ነቢይ ሆንክ?" ትላለች። ነቢይ በቤቱ አይከበርም፣ ምን ታደርጉታላችሁ!

በአምስተኛው ቀን መክሊት በጠዋት መጣች። "አባባ፣ ዛሬ ሦስት ሰዓትን አብረን እንጠብቅ።" ሐጂም ሱቁን ዘግቶ መጣ። የሦስታችንም ዓይን ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ዝም። ሦስት ከአምስት። ዝም...

"በላቸው፣ ቀረ እኮ!" አለ ሐጂ። ስሜ በመላው ጉለሌ ሊበላሽ ነው!

"መሣሪያው ተበላሽቶ ነው! ቆይ ልየው" ብዬ ከዘራዬን ይዤ ስቶር ገባሁ። ገና ሁለት እርምጃ እንደተራመድኩ ከበረንዳው ጩኸት ተነሣ።

"መጣ! መጣ! ኧረ በላቸው ውጣ፣ ቤቱ ሳይጫንህ!"

"አባባ፣ ባሉበት ይቁሙ!" አለች መክሊት።

ቆምኩ።

"ቀጥ አለ" አለ ሐጂ።

"አሁን አንድ እርምጃ ይራመዱ።"

ተራመድኩ።

"ያ ረቢ! ደግሞ መጣ!"

ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣

"አባባ... እዚህ በቀን ስንት ጊዜ ይገባሉ?"

"ሦስት ጊዜ ብቻ። ማንም አለመግባቱን ላረጋግጥ ነዋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ሐጂን ሳቅ አንፈራፈረው። መክሊት ግን አልሳቀችም። ለፈተናዋ የቀራት ስምንት ቀን ነበር፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ ቆሟል። የስቶሩን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ለአስካለ ሰጠኋት፤ እሷም መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

ሰባት ቀን! ሦስት ሰዓት በመጣ ቁጥር እግሬን ሲበላኝ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ወንበሩን አጥብቄ ያዝኩ። መስመሩ እንደ ሸማኔ ድር ተወጠረ፣ አንድም ተራራ ሳይበቅልበት። ልጅቷ ፈተናዋን አልፋ ጉልበቴን ልትስም መጣች።

እንግዲህ በቀን ሦስት ጊዜ የሚነሣን ንዝረት ለሰባት ቀን ቀጥ ያደረገ ተመራማሪ ካለ አምጡልኝ!

ሐጂ ግን ዛሬም በሱቁ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር አይምረኝም።

"በላቸው፣ ዛሬስ ስንት ሰዓት ነው?"

"እሱንማ" እላለሁ፣ "ቁልፉን የያዘችውን ጠይቅ።"