ክብርት ወይዘሮ «እስቲ ልሞክረው» የጠላቂ ቦርሳ ሲገዙ

ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚደርስበት ደንበኛ አለ። ዋጋ የሚያስቀንሰው አይደለም፤ እሱማ ትንሽ ተከራክሮ ይሄዳል። ዕቃ ሁሉ አስወርዶ «ተመልሼ እመጣለሁ» የሚለውም አይደለም፤ እንደማይመለስ እሱም ባለሱቁም ያውቁታል። ይህኛው ሌላ ነው። ይህኛው የሰው ቃል አይቀበልም። ወንበር ብትሸጡለት ተቀምጦበት፣ ተነሥቶ፣ እንደገና ተቀምጦ፣ በመጨረሻም ቆሞበት ካላየ አይወስድም። ጃንጥላ ብትሸጡለት ዝናብ እስኪመጣ በራችሁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። ሁለት ቢሆኑ ሰፈሩ ይበተን ነበር።

ለቦርሳ ሻጯ የደረሷት ክብርት ወይዘሮ እስቲ ልሞክረው ናቸው።

ስሙን ያወጣችላቸው ራሷ ናት፣ በልቧ። ሴትዮዋ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለው ወደዚህ ዓለም ያስገቡ ስለሆኑ ማንንም አይፈሩም፤ ሁሉንም ራቁቱን ሲያለቅስ አይተውታል። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ እኩዮቻቸው ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ፣ እሳቸው የአየር ሲሊንደር አዝለው ባሕር ውስጥ መጥለቅ ተማሩ። ለምን ብሎ ለጠየቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እዚያ ታች ማንም አይመክረኝም።»

ቦርሳ ሻጯ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ በእናቷ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠች፣ ከዚያ ወዲህም ያልተነሣች ሴት ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ቦርሳ ሰፍታለች፣ ጠግናለች፣ ሸጣለች። ከሰው ጋር መከራከር ትታለች። ደንበኛ ቡኒውን «ቀይ ነው» ካለ ቀይ ነው፤ «ጥቁር ነው» ካለም ጥቁር ነው። ለባሏ እሺ፣ ለአከራይዋ እሺ፣ ለመጣውም ለሄደውም እሺ። እሺ ማለት ጉልበት አይጨርስም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክብርት ወይዘሮ አንድ ትልቅ ጆንያ እየጎተቱ ገቡና ሆዱን ወለሉ ላይ ዘረገፉት። የላስቲክ ልብስ፣ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ ረጅም መቅዘፊያ ጫማ፣ የውሃ መነጽር፣ በአየር የሚነፋ ጃኬት፣ ቱቦው በአራት አቅጣጫ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ መተንፈሻ።

«ሲሊንደሩን ጀልባው ላይ ይሰጡኛል፤ ይህን ሁሉ የሚይዝ ቦርሳ ግን እፈልጋለሁ» አሉ። «ይዞም ከኔ ጋር ጀልባ ላይ የሚወጣ።»

«ጀልባው ላይ የሚቀበልዎት ሰው የለም እንዴ እማማ?»

«ነበረ። አሁን ደንብ ወጣ። ደግሞ እማማ አትበይኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል።»

ደንቡን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው የመጥለቂያ ወቅት ክብርት ወይዘሮ ያንኑ ጆንያ በአንድ ትከሻቸው አንጠልጥለው የጀልባዋን የብረት መሰላል ሲወጡ ጆንያው ዞረና ይዟቸው ወረደ። አንድ የጎድን አጥንት ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ሦስት ወር ካሳረፋቸው በኋላ መርምሮ «ድነዋል፣ ይጥለቁ» አላቸው። ካፒቴኑ ግን ይጥለቁ አላለም። ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ «ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ መሰላሉን መውጣት የማይችል ሰው ከእኛ ጋር አይሄድም።» ስም አልተጻፈበትም። ስም አያስፈልገውም ነበር። የዘንድሮው ወቅት የሚከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። የዚያን ቀን ከወጡ ወጡ፤ ካልወጡ ከእንግዲህ ባሕሩን ከዳር ቆመው ያዩታል።

«እሱ! ሲወለድ በእግሩ ቢመጣ አገላብጬ ያወጣሁት!» አሉ። «እኔ ላይ ደንብ ይለጥፋል!»

ቦርሳ ሻጯ ባለጎማውን ትልቅ ሻንጣ አወረደች። «ይኸውልዎት እትዬ። ምንም አይከብድዎትም፤ መጎተት ብቻ ነው።»

«እስቲ ልሞክረው።»

መከራው በዚህች ቃል ተጀመረ። የመሳፈሪያው ሳንቃ በየመሃሉ ክፍተት አለው አሉና የሱቁን አራት መደርደሪያ አስነቅለው ወለሉ ላይ እያራራቁ አስደረደሩ። ሻንጣውን ጎተቱት። ጎማው ሁለተኛው ክፍተት ውስጥ ገብቶ ቀረ። አንሥተው ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ሊያስገቡት ሞከሩ፤ እንቢ አለ። «ጀልባ ላይ ያለው ቦታ ይኸው ነው፣ ከአግዳሚ ሥር። እንዲህ የደረቀ ሻንጣ እንደ ሰው ወንበር ልጠይቅለት?» ብለው በእግራቸው ገፉት። መደርደሪያውን መልሳ በምስማር የመታችው ባለሱቋ ናት።

ረቡዕ ወፍራሙን የሸራ ቦርሳ አዩ። ኪሶቹን ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ። ከዚያ በታላቅ ትሕትና አንድ ባልዲ ውሃ ጠየቁ። ባለሱቋ እጃቸውን ሊታጠቡ መስሏት ሰጠቻቸው። ክብርት ወይዘሮ ውሃውን ቦርሳው ውስጥ ገለበጡት። ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ጠብ የሚል የለም።

«ውሃ አያስገባም ማለት ነው እኮ» አለች ባለሱቋ ቀስ ብላ።

«አያስወጣም ነው የሚባለው። የኔ ዕቃ ከባሕር ወጥቶ እየተንጠባጠበ ነው የሚገባበት። ይሄ ቦርሳ አይደለም ልጄ፤ ገንዳ ነው። ሁለት ቀን ብረሳው ዓሣ ይፈለፈልበታል።»

ሐሙስ የዚፕ ቀን ሆነ። አንድ የብረት ዚፕና አንድ የፕላስቲክ ዚፕ አስቆርጠው፣ ጨው ውሃ የሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ከተው፣ የባለሱቋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «እንዳትነኪው» አሉና ሄዱ። ጠዋት ጠዋት እንደ ሐኪም እየመጡ ጎበኙት። በአራተኛው ቀን የብረቱ ዚፕ አረንጓዴ አብቅሎ ተጣበቀ፤ ፕላስቲኩ ምንም አልመሰለውም። የሚያሳዝነው፣ ቦርሳ ሻጯ ራሷ ሱቅ ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ብርጭቆውን ሆኖ ነበር።

ከማዶ ያለው ጫማ ሻጭ አላስችል አለው። «እትዬ! ቦርሳ ነው ወይስ ባል የሚመርጡት?»

«ባልማ ሳልሞክር ነው የወሰድኩት!» አሉት ከበሩ ሆነው። «የተማርኩት ከዚያ ነው!»

ሰኞ ረፋድ ላይ ልጃቸው መጣች። አስተማሪ ናት፤ ቆማ ነው የምታወራው።

«እህቴ፣ እናቴን ታውቂያታለሽ።»

«ማን የማያውቃቸው አለ።»

«ባለጎማውን ሽጪላት። እሱን ይዛ መሰላሉን አትወጣም፤ ካልወጣች ደግሞ ቤቷ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ከመሰላሉ ሥር ያነሣኋት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ልብሷን ያለበስኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛ አልችልም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በናትሽ።»

ቦርሳ ሻጯ «እሺ» አለች። ሌላ ምን ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ክብርት ወይዘሮ ሲመጡ ባለጎማውን ሻንጣ ገፋ አድርጋ ፊታቸው አቆመችው። «ይሄን ደግመው ቢያዩትስ? ለርስዎ እኮ...» አለችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

ክብርት ወይዘሮ አዩዋት። አርባ ዓመት የሰው ፊት እያዩ «ደርሷል፣ አልደረሰም» ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ልጄ መጥታ ነበር?»

ባለሱቋ የሻንጣውን እጀታ መልሳ ወደ ውስጥ ከተተችው።

«አልቆጣም። ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ፤ ያን መሰላል ሳስበው እጄን ያልበኛል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሞክሩት ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ግን ሁሉም ሰው ተቀመጪ ይለኛል። ተቀመጪ፣ እረፊ፣ ይበቃሻል። አንድ ቀን እሺ ካልኩ ከዚያ ወዲያ የሚያስነሣኝ የለም።»

ይህ ነገር ቦርሳ ሻጯን አይመለከታትም ነበር። እሷ ከተቀመጠች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማንም ተነሺ ብሏት አያውቅም፣ እሷም አልጠየቀችም። ተነሣች። ከኋላ ከካርቶኖቹ ሥር፣ ገዢ አጥቶ አቧራ የጠጣ አንድ የመረብ ቦርሳ አውጥታ አራገፈችው።

ዙሪያውን መረብ ነው። ውሃው ይፈስሳል፣ ነፋስ ይገባል፤ ባዶ ሲሆን ትራስ አክሎ ተጣጥፎ ከአግዳሚ ሥር ይገባል። ዚፑ ፕላስቲክ ነው። ጉድለቱ ማንገቻው ነበር፤ እንደ ጫማ ክር የቀጠነ።

«እስቲ ልሞክረው» አሉ፣ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር።

ባለሱቋ እንደ ሱቅ ልማዷ ዕቃውን በመልክ በመልኩ አጣጥፋ ደረደረችው፤ የላስቲኩ ልብስ ከሥር፣ መቅዘፊያው ከላይ። ክብርት ወይዘሮ መልሰው ዘረገፉት። «ጀልባ ላይ ዕቃ የምበትንበት ቦታ የለኝም። መጀመሪያ የምለብሰው ከላይ፣ መጨረሻ የማጠልቀው ከታች። መተንፈሻው መሃል፣ በጃኬቱ ተጠቅልሎ። ደረቁ ልብሴና ስልኬ ለብቻቸው፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ።» ደርድረው ጨረሱና አዘሉት፤ ባለሱቋ ዕቃ የምታወርድበትን መሰላል መውጣት ጀመሩ።

«እትዬ! ቢወድቁ እኔ ነኝ የምጠየቀው!»

«ጠያቂው ሲመጣ ለኔ ጥሪኝ!»

ሦስተኛው እርከን ላይ ቦርሳው ወደኋላ ጎተታቸው። አንዲት ቀበቶ ልትገዛ የገባች ሴት ጮኸች። ባለሱቋ በሁለት እጇ ከሥር ደገፈቻቸው፤ ዓይኗ ግን ማንገቻው ላይ ነበር። የጉልበታቸው ጥፋት አልነበረም። ማንገቻው ዝቅ ብሎ ስለተሰፋ ክብደቱ ከጀርባቸው ርቆ ይወዛወዛል። ይህን ለማወቅ ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

«ይውረዱ» አለች። «አወቅሁት።»

ከአሮጌ መኪና የተፈታ የመቀመጫ ቀበቶ ነበራት፤ ሰፊ፣ ምላጭ የማይበግረው። ከእሱ ማንገቻ ቆረጠች፤ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ሰፋች። ሲሞከር አንገት ያዘ፤ ፈታችው። ዝቅ አደረገች፤ አሁንም ፈታችው። ለወገብ የሚታሰር ጨመረች፣ ለደረት ጨመረች። አራት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ፈታች። ክብርት ወይዘሮ በየቀኑ መሰላሉን ወጡ፣ ወረዱ። ሐሙስ ዕለት ዕቃውን ውሃ ነክረው ሞከሩት፤ ከባሕር ሲመለሱ የሚከብደውን ያህል። ሱቁ ጎርፍ ሆነ። ጫማ ሻጩ መወልወያ ይዞ ከማዶ መጣ፣ አንድም ቃል ሳይናገር።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳ ሻጯ ሱቋን ዘግታ ወደ መሳፈሪያው ሄደች። «ስፌቴን ለማየት ነው» አለች ለጫማ ሻጩ። አልጠየቃትም ነበር።

ካፒቴኑ መሰላሉ ራስ ላይ ቆሟል። «እትዬ፣ ደንቡን ያውቁታል መቼም» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«አንብቤዋለሁ። ጽሕፈትህ ያው የልጅነትህ ነው፤ አልተሻሻለም።»

የወገቡን ቀበቶ ጠበቅ አደረጉና ብረቱን ያዙ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ቦርሳ ሻጯ የራሷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ!» ብለው ጮኹ። «የገዛ ደንብህን ልታፈርስ ነው?»

ሰበሰበ። ቦርሳው አልዞረም፣ አልተወዛወዘም፤ ከጀርባቸው ጋር እንደተወለደ ቁጭ ብሏል። አራት። አምስት። ወጡ። ሲያወርዱት ካፒቴኑ ባዶ ነው ብሎ ተጠራጥሮ አነሣው፤ ጉልበቱ እጥፍ አለ።

«ወረቀቱን ላንሣው?» አለ ፊቱ ቀልቶ።

«ተወው። ዲፕሎማዬ ነው።»

መሳፈሪያው ላይ ቦርሳ ሻጯ አጠገቧ ሰው ቆሞ አገኘች። የክብርት ወይዘሮ ልጅ ናት።

«ማንገቻውን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር» አለች ቦርሳ ሻጯ። ከዚያ፣ ምናልባት በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ፊት ቀና ብላ አየች። «ለሰው ሁሉ እሺ እላለሁ። ይሄኛውን ግን እምቢ ብያለሁ። ልትቆጪ ከሆነ ተቆጪ።»

«ብትወድቅ ኖሮስ?»

«እኔም ከነልብሴ እገባ ነበር። ዋና አልችልም እንጂ።»

ልጅቷ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ እንባም ነበረበት።

ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ክብርት ወይዘሮ ከኋላ ብቅ ብለው እጃቸውን እንደ ጥሩምባ አፋቸው ላይ አደረጉ። «አንቺ! የቀኙ ማንገቻ ይፈገፍጋል! ሰኞ እመጣለሁ!»

«ሰኞ ዝግ ነው!» ብላ ጮኸች ቦርሳ ሻጯ፣ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት።

ከጀልባዋ የመጣውን ስድብ ነፋስ ወሰደው።

«ሰኞ ትዘጊያለሽ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ሰኞ ዘግቼ አላውቅም። ትንሽ ይናደዱልኝ ብዬ ነው» አለች ቦርሳ ሻጯ፣ ጀልባዋን በዓይኗ እየሸኘች። «ሲናደዱ ያምርባቸዋል።»