የባሕሩ ነጭ ልብስ

እኛ ደገኞች ባሕርን የምናውቀው በስብከት ነው። ሙሴ ከፈለው፣ ዮናስ ተጣለበት፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ደህና ይሁን አይሁን የጠየቀልን የለም። እኔማ ይባስ ብዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ባሕር ሳስተምር ኖሬያለሁ። ኮራል የሚባለው ፍጥረት ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው መሆኑን፣ ዓሣው ሁሉ እንደ ከተማ ገብቶ የሚኖርበት መሆኑን ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስረዳለሁ። የምስለው በጠመኔ ነው። ጠመኔ ደግሞ ነጭ ስለሆነ የእኔ ኮራል ሁልጊዜ ነጭ ነበር።

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባል የለ? እኔ ደግሞ ደጀን ላይ ቆሜ አባይን ቁልቁል ስንቴ አይቼዋለሁና ከዚያ በላይ ውሃ ያለ አይመስለኝም ነበር። የእህቴ ባል ዳምጤ ነው ከዚህ ኩራት ያወረደኝ። ዳምጤ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ ማዳበሪያ እየጫነ ወደ ጎጃም ያመጣል። አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ትምህርት እንደተዘጋ ጋቢናው ውስጥ ጎኑ አስቀምጦኝ ወረድን። እሱ ወደቡ ላይ ተራ እስኪደርሰው ድረስ ዑመር የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ፈልጎ አገናኘኝ። ድሬዳዋ ያደጉ ናቸውና አማርኛቸው እንደ ውሃ ነው። አሁን ማጥመዱን ትተው እንግዳ በጀልባ ያዞራሉ። ለምን እንደተውት አልጠየቅኋቸውም።

ከባሕሩ ዳር ጥቂት እንደራቅን፣ ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ ሰጡኝና ውሃው ላይ አስቀምጬ በውስጡ ተመለከትኩ። እናንተ! የባሕሩ ወለል ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ልክ የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ነጠላውን ለብሶ ሜዳውን እንደሞላው። ደግሞም የኔው የሰሌዳ ሥዕል ነው። በደስታ ቀና አልኩና፣

«እንኳን አደረሰዎ አባባ፤ ባሕርዎ የበዓል ልብሱን ለብሷል» አልኳቸው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዑመር መቅዘፊያቸውን ጀልባው ውስጥ አስተኙት።

«እናንተ አገር ሰው ሲሞት በምን ትከፍኑታላችሁ?» አሉኝ።

«በነጭ» አልኩ። መልሱ ከአፌ እንደወጣ ክው ብዬ ቀረሁ።

«ይኸም ከፈን ነው። ቀይ ነበረ፣ ቢጫ ነበረ፣ ወይን ጠጅ ነበረ። ውሃው ጋለና አልበርድ አለ። መጀመሪያ ቀለሙን ጣለ፣ ቀጥሎ ሞተ። ዓሣውም ቤቱ ሲፈርስ ተሰደደ። ልጆቼ መረቡን ጥለው ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆኑ። እኔ መቃብሩን እያስጎበኘሁ እበላለሁ።»

አሥራ አምስት ዓመት አስተምሬ አስከሬን ከሕያው መለየት አልቻልኩም። ባዮሎጂ ማለት የሕይወት ጥናት ነው እያልኩ ስንቱን ልጅ ፈትኛለሁ መሰላችሁ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ድንጋጤዬ ይበልጥ ነበር። ውሃውን ያጋለው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው በጣታቸው መጀመሪያ መርከቦቹን፣ ቀጥሎ ከኋላችን የተሰለፉትን ከባድ መኪናዎች አሳዩኝ። «የዓለም ጭስ ሰማዩን ያሞቃል፤ ሰማዩ እኛን። ዘይቱና ፕላስቲኩ ደግሞ ምርቃት ነው» አሉ። ከሰልፉ መካከል ዳምጤ ራሱ በቀይ ቀለም የቀባትን መኪና ለየኋት። የእኛ ናት አላልኩም።

ሲሰናበቱኝ ማዕበል ዳር ያወጣውን አንድ ነጭ የኮራል ቁራጭ ሰጡኝ። «ደጋ ላይ ላሉት አሳያቸው» አሉ። እኔም ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን ለእናቴ ወሰድኩላት። ዳምጤም አብሮኝ ነበር። እናቴ አገላብጣ አየችውና ሬዲዮኗ አጠገብ ልታስቀምጠው ስትል የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሬሳ ለጌጥ ይቀመጣል? ሂድ ቅበረው» አለችኝ።

ቀለደች ብላችሁ እንዳትስቁ። ከጌሾው ሥር ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት። ስመለስ እጄን አስታጠበችኝና፣ ከቀብር ለተመለሰ እንደሚደረገው፣ ንፍሮ አቀረበች። ጎረቤታችን እትዬ ትሁን ንፍሮውን አይታ ደረቷን ያዘች።

«ምነው? ማን ሞቶ ነው?»

«ባሕር ነው» አለች እናቴ።

እትዬ ትሁን ትንፋሿ ተመለሰላት። «እኔ እኮ ሰው መስሎኝ! የማናውቀውን ባሕር ምን ብለን እናለቅስለታለን?» ብላ ንፍሮዋን ዘገነች።

«ሟቹንስ አናውቀውም፤ ገዳዩ ግን ዘመዳችን ነው» አለች እናቴ፣ ዳምጤን እያየች።

ዳምጤ አፉ ያደረሰውን ንፍሮ ወደ ሰፌዱ መለሰው። እኔ በልቤ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ ከተማረ ሰው አልሰማሁም እያልኩ ነበር። ዳምጤ አንገቱን እንደደፋ ተነሥቶ መኪናዋን አስነሣ፤ ጭሱ በአጥሩ ላይ አልፎ ጌሾውን ሸፈነው። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስከ በሩ ተከተለችው።

«ዳምጤ» አለችው፣ «የጤፍ ዘር ሳያልፍብኝ ማዳበሪያዬን አደራ።»