በሰው ዕዳ መቅናት

ሰው በብዙ ነገር ይቀናል። በጎረቤቱ መኪና ይቀናል፣ በባልደረባው ዕድገት ይቀናል፤ በታናሽ ወንድሙ ፀጉር የሚቀና መላጣም አውቃለሁ። እነዚህ እንግዲህ የተከበሩ፣ ወግ ያላቸው ቅናቶች ናቸው። እኔ ግን የቀናሁት በሰው ዕዳ ነው። አዎ፣ በዕዳ። አትሳቁ፤ ወይም ሳቁና ስትጨርሱ ስሙኝ።

ባለዕዳው ፍቃዱ ይባላል። ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ዓመታት አብረን የኖርን እኩያዬ ነው። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ እስኪሄድ ድረስ በሰፈራችን ያልተበደረው ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም ለእኔ አዝኖ ሳይሆን እንደማልሰጠው ስለሚያውቅ ነው። ከጋሽ ናስር ሱቅ ስኳርና ሳሙና በዱቤ፣ ከእትዬ ብርቄ ምግብ ቤት ምሳ በዱቤ፣ አሜሪካ ለብሶት የሄደው ሙሉ ልብስ ሳይቀር ከልብስ ሰፊው በዱቤ። አውሮፕላን በዱቤ አይሳፈሩበትም እንጂ እሱንም ይሞክረው ነበር።

እኔስ? እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ክብሪት እንኳ ስገዛ ሳንቲሙን አስቀድሜ ነው። ደመወዜ ሲያልቅ ከኦሎምፒያ ካዛንቺስ በእግሬ እመጣለሁ እንጂ የታክሲ ስጠኝ ብዬ ሰው ፊት አልቆምም። ይህን ታላቅ ገድሌን ጡሩንባ አስነፍቼ ባላሳውቅም፣ ሰፈሩ በራሱ ጊዜ ተገንዝቦ ያከብረኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። ማንም አልተገነዘበም።

ፍቃዱ የሄደ ዕለት ግማሽ ሰፈር ወጥቶ አለቀሰ። ለቅሶው ለገንዘባቸው ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ፍቃዱ መደወል ጀመረ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በጋሽ ናስር ሱቅ ስልክ ይደውላል። አበዳሪዎቹ ሁሉ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠው ይጠብቁታል። በስልክ ሲስል ከሰሙት ሳምንቱን በሙሉ ሲጨነቁ ይሰነብታሉ። ጋሽ ናስር አላህ በጤና ያቆየው ይላሉ፤ እትዬ ብርቄ ኪዳነ ምሕረት ትጠብቀው ይላሉ። በሁለት ሃይማኖት ይጸለይለታል! ለእኔ ማን ይጸልይልኛል? እኔ ብሞት ከማን ኪስ ምን ይጎድላል? በዚያው ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ ከርሜ ስነሳ ጋሽ ናስር ያሉኝ ነገር ቢኖር፣ ጠፋህ፣ መስክ ወጥተህ ነበር ወይ የሚል ብቻ ነው። ቀናሁ። እንደ ሕፃን ቀናሁ።

አንድ እሑድ ደግሞ ፍቃዱ በስልክ ጉድ ይዞ መጣ። ሞባይል በየወሩ እየከፈለ ሊገዛ አንድ ትልቅ ሱቅ ይገባል። ሻጯ ስሙን ኮምፒውተር ውስጥ ትከትና ፊቷ ይለዋወጣል። ጌታዬ፣ እርስዎ በሕይወትዎ ተበድረው ስለማያውቁ ልናምንዎት አንችልም ትለዋለች። አስቡት እስቲ፣ ፍቃዱን! ስሜ ጠፋ ብሎ ተቆጣ። ካዛንቺስ ደውላችሁ አጣሩ ብሎ የጋሽ ናስርን ስልክ ቁጥር ሊሰጣት ሲል፣ የሌላ አገር ዕዳ እዚህ አይቆጠርም ብላ ሸኘችው። ያን ሁሉ ዓመት የለፋበት ዕዳ እንዲያው ሜዳ ላይ ቀረ።

በኋላ እዚያ የቆየ አንድ ያገር ልጅ መላውን ነገረው። ባንክ ሄደህ የራስህን ብር ታስይዛለህ፤ ባንኩ በዚያው ልክ የምትበደርበት ካርድ ይሰጥሃል፤ በካርዱ ትገዛለህ፣ ቀኑ ሳያልፍ ትመልሳለህ፤ እንዲህ እንዲህ እያልክ ስምህን ትገነባለህ። ማለት፣ የራሱን ገንዘብ ለራሱ አበድረውት፣ ሲመልስ ጎበዝ ይሉታል! እኔ ይኼ የሞኝ ጨዋታ ነው ብዬ ሱቁ በራፍ ላይ ብዙ ተከራከርኩ። ጋሽ ናስር ግን አሜሪካኖቹ የሚፈልጉት ገንዘቡን አይደለም፣ ሰውየው እንዴት እንደሚመልስ ማየት ነው አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ፍቃዱ ያንን ትምህርት ለካዛንቺሱ አሮጌ ዕዳም አዋለው። በየወሩ ትንሽ ይልካል፣ ጋሽ ናስር ለየአበዳሪው ያከፋፍላሉ። ለእያንዳንዱ የምትደርሰው ምን የምታህል መሰለቻችሁ? ምንም አታህል! ግን ቀኗን ጠብቃ ትመጣለች፣ በመጣች ቁጥርም ፍቃዱ ይመረቃል። ሙሉውን ባንዴ ቢከፍል በሳምንቱ ይረሱት ነበር እያልኩ እበሳጫለሁ። ሲቆይ ቀይ መኪና ተደግፎ የተነሳውን ፎቶ ላከ፤ ጋሽ ናስር ከሻማውና ከባትሪ ድንጋዩ መሀል ሰቀሉት። መኪናው እኮ የዱቤ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አስታወቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር በዱቤ የሚሰጠው ምን ያህል ቢታመን ነው ብለው ጭራሽ አደነቁት።

አሁን ወደ ራሴ መከራ ልግባ። የምንኖርበት ግቢ ለልማት ይፈርሳል ከተባለ ቆይቷል። በዚህ ጭንቅ መሀል የባለቤቴ የዘነበች ስም በኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ። እልልታው ሳይበርድ የቅድሚያ ክፍያው ቀን ደረሰ። ዘነበች የአንገት ወርቋን ሸጠች፣ እኔ ያጠራቀምኳትን አራገፍኩ፤ ስምንት ሺህ ብር ጎደለን። ቀኑ ካለፈ ቤቱ ለተጠባባቂ ይሰጣል። መሥሪያ ቤት ያሉት ባልደረቦቼ ወይ ራሳቸው ዕጣ ወጥቶላቸዋል ወይ ወር መጨረሻ ላይ ናቸው። እናም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልበደር ተነሳሁ።

መበደር ሙያ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ፊትን ምን ማድረግ ነው የሚገባው? ፈገግ ይባላል ወይስ ይከፋል? ፍቃዱ ጨዋታ ነበር የሚያስቀድመው፤ እኔ ጨዋታ የለኝም። ቢቸግረኝ ከረባት አሰርኩ። ጋሽ ናስር ገና ሲያዩኝ ማን ሞተ ብለው ደነገጡ።

ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ጥሩ ሰው ነህ። ግን አላውቅህም» አሉኝ።

ስንት ዓመት ከዚህ ሱቅ ስገዛ እንደኖርኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልከፍል ሄጄ እንደማላውቅ አስረዳኋቸው።

«እሱ መግዛት ነው። ማለቴ፣ ሰው የሚታወቀው ሰጥተኸው ሲመልስ ነው። ፍቃዱ ሲቸግረው አውቀዋለሁ፣ ሲዋሸኝም አውቀዋለሁ። አፍሮኝ በወዲያ በኩል ዞሮ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ ተመልሶ ሲመጣም አይቼዋለሁ። አንተ ሳንቲምህን ትጥላለህ፣ ትሄዳለህ፣ በቃ። ለመሆኑ ቸግሮህ ያውቃል?»

ያውቃል አልኳቸው። ዘይት ያጣን ሰሞን ሽሮውን በውሃ ብቻ እየሠራን በልተን እንደምናውቅ ሳላስበው አመለጠኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። ቅር ብሏቸው ነበር፤ ከልባቸው።

ያን ሁሉ ዓመት ጨዋነት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር እሳቸው ዘንድ ኩራት ሆኖ ኖሯል። ወለድ አልፈልግም፣ ስለ ወለድ አታስብ፣ ብቻ የማውቀው ዋስ አምጣ አሉኝ። ማንን? ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም፣ ማንም ለእኔ ሆኖ አያውቅም። ቤት ገብቼ ለዘነበች ስነግራት ለደቂቃ እንኳ አላሰበችም። እሑድ ፍቃዱ ይደውል የለም ወይ አለችኝ። እሱን ከመለመን ድንኳን ጥዬ ብኖር ይሻለኛል አልኳት። እሷም ድንኳኑን የምትገዛው በምንህ ነው ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እሑድ ሄድኩ። ያለ ከረባት። አበዳሪዎቹ በሙሉ በየሳጥናቸው ላይ ተደርድረው ሳለ፣ ጋሽ ናስር ስልኩን ሰጡኝና እነሱ ሁሉ እየሰሙ ለፍቃዱ ተናገርኩ። ፍቃዱ ሳቀ። የክፋት ሳቅ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ተሳድቤ እዘጋበት ነበር። እሱ ግን በደስታ ነው የሳቀው።

«አንተም ቸገረህ? እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ» አለኝ። «በል ጋሽ ናስርን አገናኘኝ።»

የተባባሉት ብዙ አይደለም። ባይከፍል በእኔ ይሁን አላቸው፤ እሺ አሉ። ወዲያው መሳቢያውን ከፍተው ብሩን ቆጠሩልኝ። ልብ በሉ፤ ይህ የታመነ ዋሴ የስኳሩን ዕዳ ገና አልጨረሰም፣ የሙሉ ልብሱም ገና እጅጌው ላይ ነው። እትዬ ብርቄ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁ። ፍቃዱን።

ቤቱን አገኘን፤ ዳር አገር ቢሆንም ቤት ነው። እኔም ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር ሁለት ታክሲ ይዤ ካዛንቺስ እየመጣሁ፣ ቀኑ ሳይደርስ ከፈልኩ። አንዴ አላዛነፍኩም። ሰው ስሙን የሚገነባው እንዲህ ከሆነ፣ እኔ ፎቅ ገነባሁ። ጋሽ ናስር ታዲያ እሑድ ሲደወል፣ ፍቃዱ፣ ያቺ ያንተ ነገር ገባች ይሉታል። ሰፈሩም ከአሜሪካ ሆኖ የሰው ዕዳ የሚከፍል እያለ ያወራለት ጀመር። እኔ ሽሮ እየበላሁ እከፍላለሁ፤ ስሙ እሱ ላይ ያብባል። እንዴት አልቀና?

የመጨረሻዋን የከፈልኩ ዕለት ጋሽ ናስር ብሩን ቆጥረው ጨረሱና እጃቸውን ዘረጉ። አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ ቃሉን አላጠፈም አሉ። እኔስ ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። ይልቅ የራሴን ስም መገንባት ዛሬ መጀመር አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ለዓመታት ያላደረግኩትን ላደርግ፣ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ሞልቶ፣ ደረቴን ነፍቼ አንድ ኪሎ ስኳር በዱቤ ይስጡኝ አልኳቸው።

ጋሽ ናስር ደስ አላቸው። ስኳሩን መዘኑ፣ ቋጠሩልኝ፣ እስክሪብቷቸውን አነሱ።

«በማን ስም ልያዘው?» አሉኝ።