የቶርኪል ብሮ ዝምታ

የከተማችን የጃዝ ማኅበር ለሥነ ጥበብ ከዋለው ውለታ ሁሉ የላቀው፣ ፒያኖውን አለማስጠገኑ ነው።

ከፊዮርዱ፣ ከከተማችን የባሕር ሰርጥ፣ የሚነሣው እርጥበት የክበባችንን ፒያኖ ሰባት ቁልፎች አዝጎ ድምፅ አሳጣቸው። ፒያኖ ተጫዋቻችን ቶርኪል ብሮ ሐሙስ ሐሙስ ሲጫወት እነሱን መዝለል ጀመረ። ዜማው ሲሮጥ ይቆይና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ከኮፐንሃገን የመጣ ሐያሲ ይህን ሰምቶ «የሰሜን ሰማይ ስፋት በጣቶች ሲገለጽ» ብሎ ጻፈ። ቶርኪል ዝነኛ ሆነ። ስቶክሆልም ሲጋበዝም ማኅበሩ ፒያኖውን አብሮ ጫነለት። የሚኖርበት ሕንጻ ፒያኖ ስለማይፈቅድ ሌላ የሚነካው አልነበረውም።

በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤያችን እጁን ያወጣል።

«ቦዲል፣ እባክሽ ይጠገንልኝ።»

ሊቀመንበራችን ቦዲል፣ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ የተደረገበትን ዳቦዋን አስቀምጣ፣ «ዝምታ ወርቅ ነው፣ ቶርኪል» ትለዋለች።

«የእኔ ዝገት ነው።»

«አያችሁ? ታላቅ ሰው ራሱን ዝቅ ያደርጋል። የሚቃወም አለ?»

ከቶርኪል በቀር ማንም አይቃወምም።

ስድሳ ዓመት ሲሞላው ግን እጁን ሳያወርድ ተናገረ። «ይህ ዝና የእኔ ይሁን የዝገቱ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ልደት ነውና እምቢ ማለት ነውር ሆነብን። ፒያኖው ተጠገነ። በዕለቱ እንደ ልደት ልማዳችን ትንሿን ባንዲራ ላዩ ላይ አቁመን፣ የከተማችን ጥበብ ከዝገቱ ጋር ተጠርጎ እንዳይሆን እየሰጋን ተቀመጥን።

ቶርኪል ሰባቱን በአንድ ጣት በየተራ ነካቸው። ሁሉም ጮኹ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ የታወቀበትን ዜማ ጀመረ፤ ዜማው ሮጠ፣ ሮጠ፣ ጸጥ አለ።

እንደገና ጀመረ። ጣቶቹ እዚያው ሲደርሱ፣ የተሰበረ ደረጃ እንደለመደ እግር፣ ራሳቸው ተነሥተው አለፉ። በሦስተኛው ሙከራ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ቶርኪል ዞር ብሎ «ልነካቸው ፈልጌ ነበር» አለ።

«ይሄ ትሕትናህ አይለቅህም» አለችው ቦዲል።

እዚያው በቆምንበት፣ ጥገናው በጥበቡ ላይ ያደረሰው ጉዳት አለመኖሩን ለውሳኔ አቀረበች። «የሚቃወም አለ?» ስትል፣ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ወደ ቶርኪል ዞርን።

እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያቸው ነበር። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።