የመምህር አስቻለው ጥንድ ኮከብ

ሰው ፊደል ሲቆጥር ምን እንደሚነካው አላውቅም። ደጁ ያለውን ጭቃ መሻገር አቅቶት የሰማዩን ይተነትንላችኋል። የኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ጭቃውን ግን እዘለዋለሁ። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ የኛን ወስዳችሁ ገላግሉን።

የኛው መምህር አስቻለው ነው። እዚሁ መካነ ሰላም ፊዚክስ ያስተምራል ይባላል። ያን ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ በፕላዝማ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሲያስተምር እሱ ቆሞ ያያል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተማሪው እሱን ያያል። ይኸ ሰው ዘነቡን ለማግባት ሽማግሌ ላከ።

ዘነቡ የጎረቤቴ የአያ መኮንን ልጅ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ መጥታ የአባቷን ሣር ቤት በቆርቆሮ የለወጠች። ቆርቆሮው ከተመታ ወዲህ የአያ መኮንን አንገት ረዝሟል። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ የልጁና የልጅቱ ኮከብ በደብተራ ሳይታይ እሺ አልልም አሉ። ይኸን የሰማው መምህር አርፎ እንደመቀመጥ ራሱ ከች አለላችሁ። በየት አገር ነው ሙሽራ ለራሱ ሽማግሌ የሚሆነው? እኔ ጠላ ልቀዳ ተጠርቼ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

አያ መኮንን ሳይቆጡ፣ «እስቲ ልጄ፣ ኮከብህ ምንድን ነው?» አሉት።

አንዱን ስም ጠርቶ ቢገላገል ምን ነበረበት? እሱ እቴ! ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አባቴ፣ ስንትና ስንት ኮከብ ብቻውን አይደለም፤ ጥንድ ነው» አለ።

አለቀ። እሱ ጥንድ ሲል አያ መኮንን የሰሙት ጣውንት ነው፤ ልጃቸው ላይ ሁለተኛ ሚስት ልትደረብ። ፊታቸው ሲጠቁር እኔ ጠላ ቀጂዋ አይቻለሁ፣ የተማረው አላየም። ይቀጥላል። ሁለቱ ኮከቦች ሲዟዟሩ አቧራ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይከባቸዋል፤ አቧራውም እኩል አይሞቅም፣ አንዱ ኮከብ ዞሮ ሲጠጋው ይግላል፣ ሲርቀው ይበርዳል፣ እንዲያ ሲለበለብና ሲቀዘቅዝ ይኖራል።

«ታዲያ የምትለበለበው አቧራ ልጄ ናት?» አሉ አያ መኮንን። ብድግ አሉ። እሳቸው ከተነሡ ደግሞ ጋብቻው አበቃ ማለት ነው።

ይኸኔ ዘነቡ ከጓዳ ወጣች። ያረቢ፣ በሽማግሌ ፊት! ነጠላዋን እንኳ በወጉ አልለበሰችም። ቀጥታ መምህሩን፣ «ከሁለቱ ኮከብ መሃልስ? እዚያም አቧራ አለ?» አለችው።

«መሃላቸውማ አይቆይም። ሲዞሩ ጠርገው ያወጡታል፤ የሚሞቀው ዳር ያለው ነው።»

«ጥንዱ እኔና እሱ ነን አባባ» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «እርስዎ ከመሃል ወጣ ይበሉ።»

አያ መኮንን ቀና ብለው ልጃቸው ያለበሰችላቸውን ቆርቆሮ አዩ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ግን ወደ ዳር ፈቀቅ ብለው።

ተጋቡ። ደብተራው ገበያው ቀረበት። ዛሬ እሱ ስለ ሰማይ ያወራል፣ እሷ ስለ ዘይት መወደድ፤ ሲጠጋጉ ይፋጃሉ፣ ሲኮራረፉ ሰፈሩ በብርድ ይደነዝዛል። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ አጥራቸው ሥር ተኮልኩሎ የሰው ነገር ሲሞቅ ሳይ ይገርመኛል። ምን ዓይነት ሥራ ፈት ነው? እኔማ ምን አንከራተተኝ። አጥራችን አንድ ነው፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ይሞቀኛል።