ከተሞች ሽማግሌ የላኩብኝ ቅዳሜ

ቅዳሜ ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። በሕልሜ ነው፤ አትሳቁብኝ።

በውኔ የነበረብኝ ጭንቅ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቴ ከሁለቱ ከተሞች ወደ አንዱ እንድዛወር ፈቅዶ፣ ምርጫህን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በስልክ ላክ ብሎኛል። እኔስ የትም ብሄድ ግድ የለኝም። ነገሩ የእናቴ ነው። እማዬን መኪና ያጥወለውላታል፤ ከተማ ውስጥ በእግሯ ካልሆነ የትም አትሄድም። አዲስ አበባ ካመጣኋት ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከበራችን ፊት ያለውን አስፋልት መሻገር ፈርታ ግቢ ውስጥ ቀርታለች። ይኼ አንጀቴን ይበላኛል።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። የባሕር ዳር ሽማግሌዎች ጋቢ የለበሱ ሦስት ዘንባባዎች ናቸው። የሐዋሳዎቹ ደግሞ ሦስት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ረጃጅም የሐይቅ ዳር ወፎች።

«ተቀመጡ እንጂ» አልናቸው።

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ ወፎቹ በአንድ እግራቸው ቆመው።

ከተሞቹ ከኋላ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሚስቴ ሰናይት ጠጋ ብላ «ሰው ከተማ ሲለምን ኖሮ፣ ይኸው ከተማ ሰው ይለምን ጀመር» አለችኝ።

እማዬ የዋዛ አይደለችም። «እስቲ መንገድሽን ልየው» አለቻት ባሕር ዳርን። ባሕር ዳር መንገዷን እንደ ሰሌን ጠቅልላ ብብቷ ስር ይዛው ነበርና ሳሎናችን ውስጥ ዘረጋችው። ሳሎኑ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ሐይቁ ድረስ ሄደ። እማዬ መራመድ ጀመረች፣ ዘንባባዎቹ ጥላቸውን ይዘው ተከተሏት። የባጃጅ ሾፌሮች ባጃጃቸውን አዝለው በጠርዝ በጠርዝ ያዘግማሉ። አንድ ከባድ መኪና መብራቱን ዝቅ አድርጎ ማመልከቻ ሰጣት።

«እናቴ፣ ልለፍ ይፈቀድልኝ?»

«ሰኞ ተመለስ» አለችው። ከኋላው የመኪና ሰልፍ ቢረዘምም አንድም ጡሩምባ አልተሰማም።

ቀጥሎ ሐዋሳ የራሷን ቀጥ ያለ መንገድ አነጠፈች። እዚያ ሰው በሰው ነው። ካፌው በር ላይ ወንበሮች እግራቸውን አጣምረው ማኪያቶ ያዛሉ፤ ሐይቁ ዳር ዓሦች መረብ ይጠግናሉ። እማዬ መንገድ የምትለካው በሰላምታ ነው፤ ገበያው ሩቅ ነው ወይ ሲሏት፣ ሰባት ሰው ሰላም ብለሽ ትደርሻለሽ ትላለች። በባሕር ዳር መንገድ ዘጠኝ ሰው ሰላም ብላ ሐይቁ ጋ ደርሳለች። በሐዋሳው ሃያ ስድስት ሰው ሰላም ብላ ገና ግማሹ ላይ ናት።

«ከተማ ከተማ የሚለውስ የሐዋሳ ነው፣ ሰው ይናፍቀኛል ማለት የለም» አለች ጉልበቷን እያሸች። «ለእግሬ ግን ያ ጥላ ይሻለኛል።»

ግንባሯ ላይ የመንገድ ላብ አየሁ። ሁለት ዓመት አላየሁትም ነበር፤ ደስታው ሊያስለቅሰኝ ደረሰ።

ለዘንባባዎቹ «እሺ ብለናል፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። ሐዋሳ መንገዷን ጠቅልላ ወጣች። በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ሳይሸኝ አይለቀቅም፤ በካልሲ ተከተልኳት።

«ሐዋሳ! ቆዪኝ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ አትቀየሚኝ። ሐዋሳ!»

ትከሻዬን ነቅንቃ የቀሰቀሰችኝ ሰናይት ናት። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከአምስት ሆኗል።

«ተነስ፣ ተገላግለሃል» አለች ስልኬን እያቀበለችኝ። «ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሲል እኔው ላኩልህ። እንዲያ በእንቅልፍህ ስሟን እየጠራህ ስትለማመጣት ሰምቼ የመረጥከውን ማወቅ አያቅተኝም። ሐዋሳ ብያለሁ።»

«እየሸኘኋት ነበር እኮ» አልኳት።

«አሁን ደግሞ እሷ ትቀበልህ» አለችኝ።