የጋሽ ያረጋል ቪላ በባዩዳ በረሃ

ሐበሾች በተሰበሰቡበት አገር ሁሉ ጉዞ አለ፤ ጉዞ ባለበት ሁሉ ደግሞ አንድ አስተባባሪ አለ። አስተባባሪ አይመረጥም፤ ተገኝቶ ነው የሚገኘው። አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ በደረት ኪሱ ሦስት የማይጽፉ እስክሪብቶዎች አሉት። ሰዉ ሊዝናና እንደወጣ ያውቃል፤ መዝናናት ግን ያለ ተቆጣጣሪ ለሰው እጅ የሚሰጥ ነገር ነው ብሎ አያምንም።

የካርቱም ሐበሾች አስተባባሪ ክቡር አቶ ያረጋል ናቸው፤ የፊሽካው ባለቤት፣ የሥርዓት ጠበቃ፣ የበረሃው ዋና ሥራ አስኪያጅ። ሠላሳ ዓመት በሱዳን መንገዶች ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ አንድም ቀን መንገድ ጠፍቷቸው እንደማያውቅ ያልሰማ ሐበሻ የለም፤ ያልሰማ ከተገኘም እሳቸው ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ያሰሙታል።

የካርቱም ሀብታሞች ሰፈር የካፉሪ ቪላዎች መሠረት አላቸው፤ የጋሽ ያረጋል ቪላ ጎማ አለው። ቀድሞ ሃያ ስድስት ተሳፋሪ እየጫነ ከኦምዱርማን ወደ ባሕሪ ከተማ ይመላለስ የነበረ፣ ካርቱሞች ሐፍላ የሚሉት አሮጌ ሚኒባስ ነው። ወንበሮቹን ነቅለው ስድስት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና መጋረጃ አስገቡለት፤ ጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል ጫኑበት። ፈረንጆች እንዲህ ባለ መኪና እየዞሩ በረሃ ውስጥ እንደሚያድሩ በስልካቸው ካዩበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። «እኛ ሁላችንም በረሃ አቋርጠን ነው የመጣነው» ይላሉ። «በረሃ ያየ ግን ከመካከላችን የለም።» ይህን ሲሉ እንኳ ፊሽካቸውን በእጃቸው ይዘው ነው።

የቪላው ሕግ ብዙ ነው። ፊት የሚታጠቡት በአንድ ኩባያ ውሃ ነው። መጋረጃ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘጋል። አሸዋ ወደ ውስጥ አይገባም። ልብ በሉ፤ በዙሪያችን ለሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከአሸዋ በቀር ምንም የለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለምማርና በክፍሌም አንደኛ ስለሆንሁ፣ ሳልጠየቅ የጉዞው ጸሐፊ ሆኜ ተሾምሁ።

ወደ ባዩዳ በረሃ በወጣንበት የጥር ሐሙስ ከተሳፈርነው ስድስት ሴቶች አንዷ ሐምዲያ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ካፉሪ በሐጃ ሉጥፊያ ቤት አዳሪ ሠራተኛ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ውጭ አድራ አታውቅም። ሐጃ የፈቀዱላት ደግሞ በአንድ ቃል ታስራ ነው፦ «ዓርብ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ደጄ ላይ ካልተገኘሽ አታንኳኪ፤ ልብስሽን በዘበኛው እልክልሻለሁ።» የመኖሪያ ፈቃዷ በሐጃ ስም ስለነበረ፣ በዘበኛው እጅ የሚወጣው ልብስ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«አታስቢ» አሏት ጋሽ ያረጋል። «ዓርብ አራት ሰዓት እንነሣለን፤ ዐሥር ሰዓት ካፉሪ ነሽ። ጸሐፊ፣ መዝግቢ!»

መዘገብሁ።

ባዩዳ ከፍ ያለ በረሃ ነው፤ ከአሸዋው መካከል ጥቁር ኮረብቶች ብድግ ብድግ ብለው ይታያሉ፣ ነፋሱም በጥር አጥንት ይነካል። ከአስፋልቱ ጥቂት ወጣ ብለን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ደረስን። መውረድ ግን አልተፈቀደልንም። ጋሽ ያረጋል መኪናው አለማዘንበሉን ለማየት ወለሉ ላይ ሳህን አስቀምጠው ውሃ ሞሉበት፤ ውሃው ወደ ግራ አዘነበለ። ድንጋይ ከጎማው ሥር ገባ፤ ውሃው ወደ ቀኝ አዘነበለ። ቦታ ቀየርን። ነፋሱ ከፊት ሆነ። እንደገና ቀየርን።

ከእኛ አንዷ ሙኒያ፣ የካርቱም ሪያድ ሰፈር ነው የምትሠራው፤ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል።

«ጋሼ፣ ወላሂ እዚህ ደህና ነው፤ ያላ እንውረድ!»

«ውሃው ገና አልመሰከረም።»

«የኔ መዳም እንኳ እንዲህ አላስቸገረችኝም!»

«መዳምሽ ያዘነበለ አልጋ ላይ ትተኛለች?»

«እሷማ አትተኛም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትተኛለሽ?»

ሙኒያ አልጋዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አራተኛው ቦታ ላይ ውሃው ቀጥ አለ። እኛ ውስጥ ተኛን፤ እሳቸው ደጅ፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው አደሩ።

ጎህ ሲቀድ የሚፍቅ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጋረጃውን ገለጥሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን ከቀኝ ወደ ግራ አላስታውስም። ሐምዲያ የቪላውን አጭር መጥረጊያ ይዛ በረሃውን እየጠረገች ነበር። ከመኪናው በር እስከ ጥቁሩ ቋጥኝ ድረስ ያለውን አሸዋ ጨርሳ፣ ከቋጥኙ ወዲያ ጀምራለች።

ሙኒያ በሳቅ ፈረሰች። «ሐምዱ፣ ኸላስ፣ በቃ! ለነፋሱም ሥራ ተዪለት እንጂ!»

ሐምዲያ መጥረጊያውን ከኋላዋ ደበቀች። «ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ በራሱ ይከፈታል» አለች አፍራ። «እጄ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሐጃ የሚጠሩኝ ይመስለኛል።»

ጋሽ ያረጋል ከአልጋቸው ተነሥተው መጥረጊያውን ከእጇ ወሰዱ። በእሳቸው ልማድ መጥረጊያው በቦታው አለመሰቀሉን ይናገራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እዚህ ሐጃ የሉም። ግቢና ተኚ።»

«እንቅልፍ ከወሰደኝ ግን—»

«ትእዛዝ ነው።»

እንቅልፍ ወሰዳት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃው ተጭኖ፣ ምድጃው ታስሮ፣ ሁላችንም ተሰናድተን ነበር። ጋሽ ያረጋል በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው መግቢያውን ዘጉት፤ ፊሽካውንም ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት።

«አራት ሰዓት ሆኗል፣ ጋሼ» አልሁ።

«አውቃለሁ።»

«ፕሮግራሙን ያወጡት እርስዎ ነዎት! ሥራዋን ታጣለች፤ ወረቀቷንም። ይህን እርስዎ ሊወስኑላት አይገባም።»

ትክክል ነበርሁ፤ ዛሬም ትክክል እንደነበርሁ አምናለሁ። እሳቸውም አልካዱኝም።

«ልክ ነሽ» አሉና ከደረጃው ተነሥተው መንገድ ለቀቁልኝ። «ሂጂና እያት። መቀስቀስ ከቻልሽ ቀስቅሻት።»

ገባሁ። ሐምዲያ አፏ በትንሹ ተከፍቶ፣ አንድ እጇ ከአልጋው ተንጠልጥሎ ተኝታለች። ጣቶቿ ምንም አልያዙም። ፊቷ እኔ ከማውቀው የሐምዲያ ፊት በዐሥር ዓመት ያንሳል። እጄን ወደ ትከሻዋ ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብሁት። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ጥፋቱ የሁለታችን ነበር።

የነቃችው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጩኸቷን አልጽፈውም። ኦምዱርማን ስንገባ የመግሪብ አዛን ከመጀመሪያው መስጊድ ተሰማ፤ ሐምዲያ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ድልድዮቹን ተሻግረን ካፉሪ ስንደርስ ከአዛኑ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር።

ሐጃ ሉጥፊያ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሐምዲያ ሳትወርድ ጋሽ ያረጋል ቀድመው ወረዱ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በዐረብኛ ተናገሩ።

«ሐጃ፣ መንገድ ጠፍቶኝ ነው። ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ እንሂድ ስትለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በባዩዳ? እዚያ ያለው እኮ አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ሰውዬ!»

«አዎ ሐጃ። እሱ ነው የጠፋኝ።»

ሐጃ ሞኝ ሴት አይደሉም። የጋሽ ያረጋልን ራሰ በራ አዩ፤ ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ከሻርፑ የወጣውን፣ እንቅልፍ ጠግቦ የጠራውን የሐምዲያን ፊት አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ግቢ» አሏት በመጨረሻ። «ራት አልቀረበም።» ወደ ጋሽ ያረጋልም ዞረው፦ «አንተ ደግሞ ዓይንህን ታከም። ሌላ ጊዜ ስትወስዳት በቀን መልሳት።»

ሌላ ጊዜ አሉ። ሐምዲያ በሩን አልፋ ከገባች በኋላ ነው ቃሉ የገባን።

ወሬው ግን በሳምንት ውስጥ ከካፉሪ በከተማዋ ሌላ ጫፍ እስካለው ማዮ ሰፈር ደረሰ። ባለፈው እሑድ በአንድ ልደት ላይ የሐበሻ ሹፌሮች ሁሉ ጋሽ ያረጋልን ከበዋቸው ነበር። «አንዱን መንገድ ያጣው ሹፌር መጣ!» ይላል አንዱ። «ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው፤ ልሸኝዎት?» ይላል ሌላው። እሳቸው ሻያቸውን ያማስላሉ። «እርጅና ነው ልጆቼ፣ ምን ይደረግ» ይላሉ። የሠላሳ ዓመት ስማቸው በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ሲሟሟ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ስሕተት ሲነገር ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ መምህሮቼን መጠየቅ ይቻላል። ከወንበሬ ብድግ አልሁ። ጋሽ ያረጋል በሰዎቹ ትከሻ መካከል አዩኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አይሆንም በሚል፣ በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሼ ተቀመጥሁ።

መልሱን እያወቅሁ እጄን ያላነሣሁበት የመጀመሪያ ቀን ያ ነበር።